አገሮች የንግድ ስምምነት ፈርመው ቢያፈርሱት ማን ነው የሚያስገድዳቸው?

የቡሬው_እህል_ነጋዴ

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ቡሬ ነኝ፣ በቆሎና ስንዴ እገዛለሁ እሸጣለሁ፣ ኢኮኖሚክስ የሚባል አልተማርኩም ስለዚህ የምታውቁ ሰዎች ቀለል አድርጋችሁ አስረዱኝ። ሰሞኑን ሬዲዮውም ቴሌግራሙም ስለ አፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣና ነው የሚያወራው፣ ቀረጥ ቀስ በቀስ ይቀራል፣ ኬንያም ደቡብ አፍሪካም እንደ ልብ ይሸጣል እየተባለ ነው። ጥሩ። የኔ ጥያቄ ግን ፈርሞ የሚያፈርሰውን ማን ይይዘዋል ነው።

ይሄን ያሳሰበኝ የራሳችን ነገር ነው። እዚህ አዲሱ በቆሎ ሲገባ እኛ ነጋዴዎች ቡና እየጠጣን ከዚህ ዋጋ በላይ ማንም እንዳይገዛ ብለን እንማማላለን። ሳምንት አይቆይም። አንዱ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተነስቶ ከተማው መግቢያ ላይ በአህያ ጭነው የሚመጡትን ገበሬዎች ይጠብቅና በኩንታል ሃምሳ ብር ጨምሮ ሁሉንም ይጠቀልለዋል፣ እኛ ጠዋት ሚዛናችንን አውጥተን ብንቀመጥ የሚመጣ የለም፣ ከዚያ ሁለተኛው ይጨምራል፣ ሦስተኛው ይጨምራል፣ በቃ መሐላው አለቀ። ልክሰስህ አይባል ነገር፣ እንዲያውም ሕጉ የሚቀጣው የተማማልነውን ነው አሉ ሃሃ። አንድ ከተማ ውስጥ ያለን፣ ልጆቻችን የተጋቡ ሰዎች ይሄን ካልቻልን ሃምሳ አራት አገር ፈርሞ እንዴት ይጠብቀዋል? ፖሊስ የላቸው፣ እስር ቤት የላቸው። ደሞ የኔ መኪና ድንበር ላይ እያለ አንዱ ሚኒስትር ተነስቶ ዝጉ ቢል በቆሎዬን ማን ይከፍለኛል?

ጮቄ_ግርጌ

እንዴት ዋልክ አያ ቡሬ። ማርቆስ ነኝ፣ ኢኮኖሚክስ ነው የማስተምረው፣ እስኪ ልሞክር።

ልክ ነህ ፖሊስ የለም። ያለው ነገር የተበደለው አገር ራሱ መልሶ እንዲመታ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ከ1995 (የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) ጀምሮ ያለው የዓለም ንግድ ድርጅት የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ተበደልኩ ያለው አገር መጀመሪያ ተመካከሩ ይባላል፣ 60 ቀን ይሰጣቸዋል፣ ካልተስማሙ ፓናል (ጉዳዩን የሚያይ የዳኞች ቡድን) ይቋቋማል፣ ከፓናሉ ይግባኝ አለ፣ የተፈረደበት አላስተካክልም ካለ ከሳሹ በደረሰበት ጉዳት ልክ፣ ከዚያ ሳያልፍ፣ በጥፋተኛው ዕቃ ላይ ቀረጥ እንዲጭን ይፈቀድለታል። ድርጅቱ ራሱ አንድ ሳንቲም አይቀጣም። የሱ ሥራ ማን እንዳጠፋ መፍረድና የምቱን መጠን መለካት ነው፣ ዋናው ጥቅሙም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ዳኛ ከሌለ ሁለቱም እሱ ነው የጀመረው እያሉ ሲካሰሱ ይኖራሉ። 1930 ላይ አሜሪካ ታሪፏን፣ ማለት ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የምትጥለውን ቀረጥ፣ አናት ላይ ስታወጣው ሌላው ሁሉ እየተነሳ አጸፋውን መልሶ የዓለም ንግድ እንዴት እንደተንኮታኮተ ይታወቃል፣ ያኔ ለምቱ ልክ አልነበረውም።

አሠራሩ በደንብ የሚታይበት ምሳሌ ብረት ነው። መጋቢት 2002 ላይ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ቡሽ ከውጭ በሚገባ ብረት ላይ እስከ 30 በመቶ ታሪፍ ጫነ። አውሮፓ፣ ጃፓን፣ ኮሪያ፣ ቻይና፣ ብራዚልና ሌሎችም ሆነው ከሰሱ። ኅዳር 2003 ይግባኝ ሰሚው አሜሪካ ስምምነቱን ጥሳለች ብሎ ወሰነ። አሁን አውሮፓዎቹ ያደረጉትን እይ። የ2.2 ቢሊዮን ዶላር ዝርዝር አወጡ፣ ግን ዝርዝሩን ያወጡት የኢኮኖሚ ካርታ ሳይሆን የምርጫ ካርታ ዘርግተው ነው፦ የፍሎሪዳ ብርቱካን፣ የካሮላይና ጨርቃ ጨርቅ። ፍሎሪዳ ማለት ቡሽ በ2000 ምርጫ በ537 ድምፅ ልዩነት ብቻ ያሸነፈባት ናት፣ ቀጣዩ ምርጫ ደሞ ዓመት አልቀረውም። ቅጣቱ ሳይጀመር ታኅሣሥ 2003 ላይ ታሪፉን አነሳው። እንግዲህ ማን አስገደደው ብትለኝ ብርቱካን አምራቾቹ ናቸው እልሃለሁ። ውጭ ያለው አገር የጥፋተኛውን የውስጥ ሰው ነው የሚያስጮኸው።

ቀዳዳው ምን መሰለህ፣ ከመጋቢት 2002 እስከ ታኅሣሥ 2003 ብረቱ ላይ የተከፈለው ቀረጥ አልተመለሰም። ፍርዱ ከዚህ በኋላ አቁም ነው እንጂ ላለፈው ካሳ አያስከፍልም። ስለዚህ አንድ አገር አውቆ ጥሶ፣ ተከሶ፣ ክሱ እስኪያልቅ ተጠቅሞ ማቆም ይችላል።

አባይ_ማዶ

መምህር ያልከው ደስ ይላል ግን የመረጥከው የዝሆንና የዝሆን ኬዝ ነው፣ አውሮፓ አሜሪካን። እስቲ የአንቲጓን ንገረው ለሰውየው። አንቲጓና ባርቡዳ ካሪቢያን ውስጥ ያለች ሕዝቧ መቶ ሺህ እንኳ የማይሞላ ደሴት ናት፣ አሜሪካ የኢንተርኔት ቁማር አገልግሎቷን ዘጋችባት፣ በ2003 ከሰሰች፣ በ2005 ይግባኙ ላይም ረታች። ከዚያስ? አሜሪካ ምንም አላለችም። በ2007 በዓመት 21 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል እንድትቀጣ ተፈቀደላት፣ ግን በምን ትቅጣ? አሜሪካ ዕቃ ላይ ቀረጥ ብትጭን የሚወደደው የራሷ ሕዝብ ዳቦ ነው፣ አሜሪካ መኖሩንም አታውቀው። የፈቀዱላት የአሜሪካኖቹን የቅጂና የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት) መብት እንዳታከብር ነበር፣ እሱንም ቢሆን ማን ደፍሮ ያደርገዋል።

ሌላው፣ ይግባኝ ሰሚ አሁን የታል? ሰባት ዳኞች ነበሩት፣ አንድ ኬዝ ለማየት ሦስት ያስፈልጋል፣ አሜሪካ የዳኞቹ ጊዜ ሲያልቅ አዲስ አይሾምም እያለች በታኅሣሥ 2019 አንድ ዳኛ ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በፓናል የተረታ አገር ይግባኝ ብያለሁ ይልና ወረቀቱን ሰው ለሌለበት ቢሮ ያስገባል፣ ፋይሉ እዚያው ይተኛል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። እነ አውሮፓ ለራሳቸው ጊዜያዊ የይግባኝ መንገድ በ2020 አቋቁመዋል፣ ገባሁ ላለ አገር ብቻ ነው የሚሠራው።

እኛስ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ከአጎዋ ስንወጣ ማንን ከሰስን? ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስንት ሼድ ባዶ እንደቀረ ጠይቁ።

ጮቄ_ግርጌ

አባይ ማዶ የአንቲጓው ትክክል ነው። አጎዋን ግን ከዚህ ጋር አትቀላቅለው፣ አጎዋ ስምምነት አይደለም፣ በ2000 የወጣ የአሜሪካ የራሷ ሕግ ነው፣ ስትፈልግ የምትሰጠው ስትፈልግ የምትነሳው። ጃንዋሪ 1 2022 ላይ ስታስወጣን የምንከስበት ውል አልነበረንም፣ የዓለም ንግድ ድርጅት አባልም አልነበርንም፣ ያመለከትነው በ2003 ቢሆንም። በችሮታና በውል መካከል ያለው ልዩነት ይሄ ነው፣ እንዲያውም ውል ለምን እንደሚያስፈልግ ነው የሚያሳየው።

ትንሽ አገር ሁሌ ይሸነፋል የሚለውም ሙሉ አይደለም። ብራዚል አሜሪካን በጥጥ ድጎማ ከሰሰች፣ 2002 ላይ ተጀምሮ በ2005 ይግባኙን ረታች፣ አሜሪካ ድጎማዋን እንደያዘች ቀጠለች። በ2009 ብራዚል በዓመት ወደ 829 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል እንድትቀጣ ተፈቀደላት፣ ከዚያም ውስጥ የመድኃኒትና የሌላውን ፓተንት መንካት ነበረበት። ልብ በል፣ ቀረጥ ሳይሆን ፓተንት። የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያዎች ገበሬዎቻችሁ ስለበሉት ለምን እኛ እንቀጣለን ብለው ተነሱ። በ2010 አሜሪካ ድጎማውን እስክታስተካክል ለብራዚል ጥጥ አምራቾች በዓመት 147.3 ሚሊዮን ዶላር ልትከፍል ተስማማች፣ በ2014 ደሞ 300 ሚሊዮን ከፍላ ተዘጋ። የሚያስቀው የራሷን ጥጥ አምራች መደጎም ላለማቆም የብራዚሉንም ደጎመች። ብራዚል ግን ትልቅ ገበያ ናት፣ ኢኳዶር በሙዝ ጉዳይ አውሮፓ ላይ በ2000 ተመሳሳይ ፈቃድ ይዛ አልተጠቀመችበትም።

ታዲያ ትንሽ ሲበደል ለምን ሁሉም አብሮ አይቀጣም? አያ ቡሬ የጥያቄህ ዋና እዚህ ጋ ነው። ያንን ሌሊት የሚነሳውን ሰውዬ አንድ ነጋዴ ብቻውን ቢያኮርፈው ምንም አይመስለው፣ ሁላችሁም አንድ ላይ መጋዘን አናከራይህም መኪና አንጭንልህም ብትሉት ግን ያስብበታል። ይሄ ሐሳብ በአገሮች ዘንድም ተነስቷል፣ ብራዚልና ኡራጓይ በ1965 አንስተውት ነበር፣ የአፍሪካ አገሮችም በ2002 በጋራ እንቅጣ የሚል ፕሮፖዛል አስገብተዋል፣ ሜክሲኮ ደሞ እዚያው ዓመት የባሰ ነገር አመጣች፣ የመቅጣት ፈቃድ ያገኘ ትንሽ አገር ፈቃዱን ለትልቅ አገር ይሽጠው አለች። (ለኔ ቆንጆ ሐሳብ ነው፣ ተማሪዎቼ ሲሰሙት ይስቃሉ።) አንዱም አላለፈም። የማያልፍበት ምክንያት ግልጽ ነው፣ ኃይለኞቹ አይፈልጉትም፣ ሌሎቹም በሰው ጉዳይ ገብተው የራሳቸውን ገበያ ማጣት አይፈልጉም፣ ቅጣት እኮ ቀጪውንም ያስከፍለዋል።

እና ለምን አብዛኛው ጊዜ ይከበራል ካልክ ነገ ስላለ ነው። ዛሬ ባፈርስ የማገኘው ምን ያህል ነው፣ ነገና ከነገ ወዲያ የማጣውስ? ነገ የሚበልጠው አገር ያከብራል። ነገ ሥልጣን ላይ አልኖርም ያለ መንግሥት ያፈርሳል።

ዘጌ_ዳር

ማንም ቡናን አላነሳም፣ ገርሞኛል። የዘጌ ልጅ ሆኜ ዝም ልል አልችልም።

ከ1962 ጀምሮ ቡና አምራቾችና ቡና ጠጪዎች አንድ ላይ የፈረሙት ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ነበር፣ እኛም አለንበት። ለእያንዳንዱ አምራች ኮታ ይሰጣል፣ ከኮታ በላይ አትልክም፣ ዋጋው እንዳይወድቅ። አሁን እንደ ቡሬው ነጋዴ ብትጠይቁ ማነው ኮታውን የሚያስጠብቀው? ብራዚልና ኮሎምቢያ ተያይተው አይጠባበቁም። ያስጠበቁት ገዢዎቹ ናቸው። እያንዳንዱ ጭነት የስሪት አገር ምስክር ወረቀት ነበረው፣ ወረቀቱ ላይ ቴምብር ይለጠፋል፣ ቴምብሩ የሚታደለው በኮታህ ልክ ነው፣ የአሜሪካና የአውሮፓ ጉምሩክ ቴምብር የሌለውን አያስገባም። ወረቀትና ቴምብር ያን ሁሉ አገር ይዞ ቆየ። አሜሪካ ለምን ውድ ቡና ለመግዛት ተስማማች ካላችሁ ቡና አምራቾቹ ደህይተው ወደ ሶቪየት እንዳይሄዱ ነው፣ ፖለቲካ ነው።

የፈሰሰው በጎን ነው። አባል ያልሆኑ አገሮች ኮታ ስለሌለባቸው አምራቾቹ ትርፉን ቡና ለነሱ በርካሽ መሸጥ ጀመሩ፣ ከዚያ ቡናው ዞሮ ዞሮ አውሮፓ ሲገባ ይገኛል፣ ቱሪስት ቡና ይሉት ነበር። ገዢው እኔ በውድ እየገዛሁ ጎረቤቴ በግማሽ ዋጋ ይጠጣል ብሎ አኮረፈ፣ ኮታ ክፍፍሉ ላይም ተጣሉ፣ ሐምሌ 1989 ኮታው ፈረሰ። በጥቂት ዓመት ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ፣ አሜሪካም በ1993 ወጣች። የቀዝቃዛው ጦርነት ሲያልቅ ዘበኛው ሥራውን ለቀቀ ማለት ነው።

አያ ቡሬ አትቀየሙኝና አንድ ነገር ልበል፣ ያ ሌሊት አስር ሰዓት የሚነሳው ሰውዬ ለገበሬው ጥሩ ሰው ነው። ዋጋ ለማፈን የተማማሉት ሲፈርስ የሚጠቀም አለ። የነዳጅ ሻጭ አገሮች ማኅበር የኦፔክም ነገር ይሄው ነው፣ አባሎቹ ከኮታ በላይ ሲሸጡ ሳዑዲ ለብቻዋ እየቀነሰች ስትቆይ ታክቷት በ1985 መጨረሻ ቧንቧውን ከፈተችው፣ በርሜል 27 ዶላር ገደማ የነበረው በ1986 ከ10 በታች የወረደበት ጊዜ ነበር፣ ነዳጅ ለሚገዛ አገር ሠርግ ነበር። ስለዚህ ማን ያስገድድ ከማለት በፊት ስምምነቱ ለማን ነው ማለት ያስፈልጋል።

የቡሬው_እህል_ነጋዴ

ዘጌ ዳር ሃሃሃ ገበሬው ሰምቶህ በሆነ። አልተቀየምኩም፣ እኔም እኮ አንዳንድ ሌሊት ተነስቼ አውቃለሁ።

መምህር ያልከው ገባኝ፣ ነገ ስላለ ነው። ግን እኔ መንግሥት አይደለሁም፣ እኔ ሰባ ኩንታልም ይሁን ሁለት መቶ ኩንታል ጭኜ የሄድኩ ሰው ነኝ፣ ሁለት መንግሥታት ጄኔቭ ድርጅቱ ጋ ሄደው ዓመት ሙሉ ሲከራከሩ በቆሎዬ ይነቅዛል። ለሱ መልስ ያለው አለ?

ባሕርዳር_ትራንዚት

አለሁ፣ ትራንዚተር ነኝ፣ ይሄ የኔ እንጀራ ነው። ኔት እየሄደ እየመጣ ስለሆነ በአንዴ ልጻፈው።

መኪናህ ድንበር ላይ ይቀራል ወይ? ይቀራል። ናይጄሪያ በሐምሌ 2019 ኒያሜ ላይ የአፍሪካውን ነፃ ንግድ ፈረመች፣ በወሩ ነሐሴ ላይ የየብስ ድንበሯን ዘጋች፣ ሩዝና ነዳጅ በኮንትሮባንድ ይገባል ይወጣል ብላ። የቤኒን ሰዎች አናናስና ቲማቲም እንደጫኑ ቀሩ። ኤኮዋስ የሚባለው የምዕራብ አፍሪካ ማኅበር አባል ናቸው ሁለቱም፣ በነፃ መነገድ ተፈራርመዋል፣ ድንበሩ የተከፈተው ታኅሣሥ 2020 ናይጄሪያ ራሷ በፈለገች ጊዜ ነው።

የአፍሪካው ስምምነት የክርክር ፕሮቶኮል አለው፣ ፓናልም ይግባኝም አለው፣ ከዓለም ንግድ ድርጅቱ የተቀዳ ነው። ግን መክሰስ የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው፣ አንተ አትችልም። መንግሥታችን ስላንተ በቆሎ ብሎ ናይሮቢን ይከሳል ብለህ ታስባለህ? የዓባይ ጉዳይ አለ፣ ወደብ አለ፣ ጸጥታ አለ፣ ስንት ነገር አብሮ የሚያዝ አለ። አፍሪካ ውስጥ መንግሥት መንግሥትን በንግድ መክሰስ እንደ ነውር ነው የሚታየው፣ ስልክ ተደዋውለው ነው የሚጨርሱት።

ለየት የሚለው ኮሜሳ፣ የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ የሚባለው ነው። የኮሜሳ ፍርድ ቤት ግለሰብና ኩባንያም እንዲከስ ይፈቅዳል፣ መጀመሪያ የአገሩን ፍርድ ቤት ጨርሶ። አንድ ፖሊቶል የሚባል የሞሪሸስ ቀለም ኩባንያ ነበር፣ ከግብፅ ቀለም ያስመጣል፣ ሞሪሸስ በ2001 የተነሳውን ቀረጥ መልሳ ጫነችበት፣ ኩባንያው የራሱን መንግሥት ኮሜሳ ላይ ከሰሰ፣ በ2013 ረታ፣ የከፈልኩትን ቀረጥ መልሱልኝ ያለውም ተፈረደለት። እዚህ ቤት ከተጻፈው ሁሉ ለነጋዴ የሚጠቅመው ይሄ ይመስለኛል፣ ክሱን የያዘው ገንዘቡ የተበላበት ሰው ስለሆነ በዲፕሎማሲ አይተወውም። ኢትዮጵያ የኮሜሳ አባል ናት፣ ነፃ ቀጠናው በ2000 ሲጀመር ግን አልገባንበትም፣ እና ለኛ ብዙም አላገለገለም።

አሁን ወደ በቆሎህ። መጋቢት 2021 ኬንያ የዩጋንዳንና የታንዛኒያን በቆሎ አፍላቶክሲን (ሻጋታ የሚያመጣው መርዝ) አለበት ብላ በአንድ ቀን ደብዳቤ አገደች፣ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በሚባል አንድ ማኅበር ውስጥ ሆነው። ጩኸት ሲበዛ በቀናት ውስጥ በቅድመ ሁኔታ ፈቀደች፦ አስመጪው ይመዝገብ፣ የስሪት አገር ምስክር ወረቀት ይኑር፣ አፍላቶክሲኑ ከ10 ፒፒቢ (ከቢሊዮን እጅ አሥር) በታች መሆኑ በላብራቶሪ ይረጋገጥ። ያኔ ወረቀቱን አስቀድመው የያዙት አለፉ፣ ያልያዙት ቆሙ። ስለዚህ እግዱ ፍትሐዊ ነው አይደለም የሚለው ክርክር አንተን አይመለከትህም። እኔ የምመክርህ፣ አንደኛ ከመነሳትህ በፊት በቆሎ ኤክስፖርት በዚያ ወቅት ከኛ ወገን ክፍት መሆኑን ጠይቅ፣ ከዚህ በፊት ተዘግቶ ያውቃል። ከዚያ እርጥበቱን ከ13.5 በመቶ በታች አድርገህ ጫን፣ መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ የደረቀ ይሁን፣ ሻጋታው የሚገባው እዚያ ጋ ነው። ውሉ ላይ ደሞ ርክክቡ ሞያሌ ከኛ በኩል ይሁን፣ ክፍያው አድቫንስ (ቅድሚያ) ወይ ኤልሲ (የገዢው ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ይሁን። ድንበር ቢዘጋ ችግሩ የገዢው ይሆናል፣ ገዢው ደሞ የኬንያ ሰው ነው፣ ሚኒስትሩ ጋ ሄዶ የሚጮኸው እሱ ነው።

ጮቄ_ግርጌ

እህቴ የመጨረሻዋ ነገርሽ ከፍሎሪዳው ብርቱካን ጋር አንድ ነው፣ ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ።

አባይ_ማዶ

ሌላው ዘጋ ሌላው ዘጋ እንላለን፣ እኛስ? ጤፍ በጥሬው እንዳይወጣ ከ2006 ጀምሮ የከለከልነው እኛ ነን። የአዴት ገበሬ አሜሪካ ያለውን ዋጋ እየሰማ እዚህ ነው የሚሸጠው። ነገ የዓለም ንግድ ድርጅት ብንገባ በዚህ አንከሰስም?

ጮቄ_ግርጌ

ሕጉ ላይ የምግብ እጥረት ሲያሰጋ ለጊዜው ኤክስፖርት መከልከል ይቻላል የሚል አንቀጽ አለ። ለጊዜው ነው የሚለው ግን፣ ሃያ ዓመት ገደማ የቆየን ክልከላ ለጊዜው ነው ብሎ መከራከር ጠበቃ ይፈልጋል ሃሃ። እንዲህ ዓይነት መውጫ በር ግን ሆን ተብሎ ነው የተተወው። የገበያ ድንገተኛ ችግር ሲመጣ ለጥቂት ጊዜ ቀረጥ ጨምሬ ልመለስ የሚል በርም አለ፣ ቡሽ ብረቱ ላይ የተጠቀመው እሱን ነበር፣ ሁኔታውን ስላላሟላ ነው የተረታው። መውጫ የሌለው ስምምነት በመጀመሪያው ድርቅ ጨርሶ ይፈርሳል። መውጫው ሲበዛ ደሞ ሁሉም በበሩ ይወጣና ቤቱ ባዶ ይቀራል። ልኩን ያገኘው የለም እስካሁን።

የቡሬው_እህል_ነጋዴ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ትራንዚቷ፣ ኤልሲውን ባንክ ሄጄ እጠይቃለሁ። ያቺ የእርጥበት መለኪያ ግን እኛ ጋ በጥርስ ነው የምንለካው፣ ነክሰን ቀጭ ካለ ደርቋል ነው። ማሽኗ ባሕር ዳር ትገኛለች? ዋጋዋስ?

ባሕርዳር_ትራንዚት

ጥርስህን ኬንያ አይቀበሉትም 😄 ትገኛለች፣ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ናት፣ ዋጋዋ እንደ ዓይነቷ ነው። ስትገዛ ለበቆሎ የተስተካከለች መሆኗን አረጋግጥ፣ ለቡና የተሠራችውን ይሰጡሃል። ኢንቦክስ ግባ ሱቁን እልክልሃለሁ።